ባለቤት የሌለው ጽዋ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሶልያና ቡፌውን ከፍታ ጥቁሩን የሸክላ ጽዋ አወጣችና እስክሪብቶዎቿን ልትሰካበት ስትል ደረስኩባት። ጮኼ ነው የነጠቅኳት። ልጅቱም ደነገጠች፣ እኔም በራሴ ድምፅ ደነገጥኩ። «ምን አጠፋሁ እማማ? ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደል እንዴ?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው፣ ይኸው ስንት ዘመኑ። ነገሩን ላብርድ ብዬ ጽዋውን ይዤ ማድቤት ገባሁና ለብ ባለ ውኃ አለቀለቅሁት፤ ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። ሸክላ የጠጣውን አይረሳም መሰለኝ፣ ውኃው ገና ሲነካው ከሆዱ ውስጥ የጉንደ ወይን ማር ሽታ፣ ሰፈፍ ሰፈፍ የሚለው፣ ትንሽም ጭስ ጭስ የሚለው፣ ብድግ ብሎ አፍንጫዬን ያዘኝና እኔ አሮጊቷ ባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንደቆምኩ ቢቸና ገባሁ።

«ግን የማን ነው?» አለች ሶልያና ከኋላዬ መጥታ። አይ ልጄ! ይህችን ጥያቄ እኔ ካንቺ ባነሰ ዕድሜዬ ነው የሰማኋት፤ እናቴን ካባቷ ለዘለዓለም ልትለያት ትንሽ የቀራት ጥያቄ ናት። ቁጭ በይ አልኳት፤ ስልኳን ይዛ ቁጭ አለች፤ ግማሹን ሰማች፣ ግማሹን አልሰማች፤ እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ የማልመለስ ሰው ስለሆንኩ እስከ መጨረሻው አወራሁት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

አባቴ ገመቹ የቢቸና ክሊኒክ ድሬሰር ነበር። ወለጋ ተወልዶ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አድጎ፣ ቁስል ማጠቡንም መርፌ መውጋቱንም እዚያው ተምሮ ሲወጣ መንግሥት አንሥቶ መጀመሪያ ሞጣ፣ ኋላ ቢቸና ወረወረው። ረጋ ያለ፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ የሚስቅ ሰው ነበር። ከሚሲዮን ያተረፈው አንድ አሮጌ አኮርዲዮን ነበረውና አመሻሽ ላይ በረንዳችን ተቀምጦ ሲጫወት የሰፈሩ ልጆች «የሚተነፍሰው ሳጥን» እያሉ አጥሩ ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። እናቴ የሺሐረግ ደግሞ የሞጣ ልጅ ናት፤ ያውም የመሪጌታ ይኄይስ ልጅ፣ ቅኔ ሊማር ከየአገሩ የመጣ ተማሪ በደጃቸው ጎጆ ቀልሶ የሚቀመጥላቸው፣ ሲያስነጥሱ እንኳ ሰው ብድግ የሚልላቸው የመሪጌታ ይኄይስ። ታናሽ ወንድሟን እሾህ ወግቶት እግሩ መግል ሲቋጥር ወደ ሞጣው ክሊኒክ ያመላለሰችው እሷ ነበረች፤ የልጁ እግር ቶሎ ዳነ፣ የእሷ መመላለስ ግን አልቆመም፤ ኋላ ሲያስቡት ለካ ልጁ ከዳነም በኋላ ፋሻ ይቀየርለት ነበር። እንዲህ እንዲህ እያሉ በሰማንያ ውል ተጋቡ። ቤተ ክርስቲያን ማን ያጋባቸዋል? አባቷ በሰሙ ዕለት ከደጃቸው ወጥተው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «የዚህን ቤት ደጅ እንዳትረግጭ ገዝቻለሁ፤ እኔም የጸረ ማርያም ቤት አልረግጥም» አሉ።

ግዝት ጎጃም ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተገዘተውን ብቻ ሳይሆን የገዘተውንም ያስራል። እናቴ ያን ቃል ተሸክማ ነው ቢቸና የገባችው። እኔ ተወለድኩ፣ አያቴ አልመጡም፤ እናቴ በወባ ታማ ልትሞት ደርሳ ነበር፣ አልመጡም። ከሞጣ የመጣ መንገደኛ ገበያ ላይ ባገኘች ቁጥር የያዘችውን ጥላ ሮጣ «አባቴ ደኅና ናቸው?» ትለዋለች፤ ሰውየው «ደኅና ናቸው» ሲላት ደስ ይላታል፣ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ይጨልማል፣ ምክንያቱም ደኅና ሆነው ነው የማይመጡት። እኔ ያኔ ያላየኋቸውን አያቴን እንዴት እጠላቸው እንደነበር! እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ከአፏ አውጥታባቸው አታውቅም፤ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ያንን ደጅ አንድ ጊዜ መርገጥ።

እንግዲህ ቢቸና ውስጥ ሰው የሚባለው ማኅበር ያለው ሰው ነው። አንዱ የሚካኤል፣ አንዱ የማርያም፣ አንዱ የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ ነው፤ ወር በገባ በቀኑ በየተራ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ይበላል ይጠጣል፣ መጨረሻ ላይ ባለተራው ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል። ያ ሰው በሁለት እጁ ተቀብሎ ከቀመሰ፣ ሴቶቹም እልል ካሉ፣ አለቀ፤ ቀጣዩ ድግስ የእሱ ነው፣ ቤቱም ለማኅበርተኛው ሁሉ ክፍት ነው። የተቀበሉትን ጽዋ መመለስ ነውር ብቻ አይደለም፣ ባለቤቱን ቅዱስ መድፈር ነው። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡት ሠራተኞች ግን ማኅበር አልነበራቸውም። በበዓል ቀን ከተማው ሁሉ እየዘፈነ እነሱ በየኪራይ ቤታቸው ተዘግተው ይውላሉ። አቶ ሰይፉ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ መምህር ነበር፣ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ክራሩን ከትከሻው የማያወርድ፤ አንድ የገና ሰሞን እቤታችን ተቀምጦ «እኛስ ማኅበር አንጠጣም እንዴ? ምን ጎደለን?» አለ። አባቴ ትከሻው እየሳቀ «ታቦት» አለው። አቶ አብዱላሂ፣ ስልክ ቤት የሚሠራው የሐረር ሰው፣ «እሱንስ እኔ ከየት አመጣላችኋለሁ» ሲል ሁላቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ሲያበቃ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ነው ማኅበሩ የተጀመረው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ገና ሊገባ ሲል ባለችው ቅዳሜ። ለምን በጾሙ ውስጥ ካላችሁ፣ ይህ የእናቴ ብልሃት ነው። በፍስክ ቢሆን ሥጋ ይመጣል፣ ሥጋ ከመጣ የእስላም ነው የክርስቲያን ነው ተብሎ ሁለት ድስት፣ ሁለት ገበታ፣ ሁለት ወገን ይሆናል፤ ሽሮና ክክ፣ አዚፋና የሱፍ ፍትፍት ግን ማን ያረደው ተብሎ አይጠየቅም፣ ሁሉም ከአንድ ገበታ ይበላል። ጠላ አባቴም አቶ አብዱላሂም አይጠጡም፣ ስለዚህ ጽዋው ውስጥ የሚገባው ያልፈላ ብርዝ ነው፤ ማሩም ከጉንደ ወይን ይመጣል። ከምግብ በኋላ ከመካከላቸው አንዱ ተነሥቶ ባገሩ ስለ በዓሉ የሚባለውን ይናገራል፤ ከዚያ አኮርዲዮኑም ክራሩም ይወጣና እያንዳንዱ የእናቱን ቤት ዜማ ያዜማል፣ የማያውቀውም ያጉተመትማል። ሲያበቃ የተናገረው ሰው ጽዋውን ለቀጣዩ ባለተራ ያስረክባል። ጽዋዋን እናቴ ከገበያ ገዝታ፣ ነጭ ክዳን ጨርቅ ሰፍታላት ነበር፤ ይኸው ሶልያና እስክሪብቶ ልትሰካባት የነበረችው ናት።

ጎረቤታችን እትዬ ትጓደድ ናቸው መጀመሪያ የጠየቁት። አጥራቸው ከእኛ አጥር ተጣብቆ፣ ዓይናቸውም ከአጥሩ ተጣብቆ ነው የሚኖሩት። «የሺ፣ ማኅበር ጀመራችሁ አሉ፤ የማን ማኅበር ነው?» አሏት እናቴን። እናቴ ምን ትበል? «የእንግዶች ነው እትዬ» አለች። «የእንግዶች የሚባል ታቦት አላውቅም» ብለው ሄዱ፤ በዚያ ሳምንት ገበያው ሁሉ ባለቤት ስለሌለው ማኅበር ያወራ ጀመር። ዘመኑም መጥፎ ነበር፤ መንግሥት መሬት ሊያስለካ ነው፣ ግብር ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ባላገሩን ያመሰበት፣ ከሌላ አገር የመጣ ሠራተኛ ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይበት ጊዜ ነው። አንዱ መሬት ሊለኩ ነው የሚዶልቱት ይላል፣ ሌላው የለም፣ እመቤታችንን ሊሰድቡ ነው የሚሰበሰቡት ይላል፤ ሚሲዮኑ የሚተነፍሰውን ሳጥን ሲነፋ ሰው ሃይማኖቱን ይረሳል የሚልም ነበር። ወሬው ዞሮ ዞሮ በመጨረሻ ሞጣ ገባ።

ተራው እንደገና እኛ ቤት በደረሰበት ዓመት፣ ማኅበሩ ነገ ሊሆን ዛሬ ዓርብ፣ የጉንደ ወይኑ ማር ነጋዴ ቢያድግልኝ ማሩን አስረክቦ እንደ ወትሮው አልሄድ አለ። ቆቡን እያሻሸ ቆመ። «እመቤቴ፣ ባልነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር» አላት እናቴን። «መሪጌታ ጉንደ ወይን ናቸው፤ ዘመድ ቤት አርፈዋል፤ ነገ እዚህ ይደርሳሉ። የጸረ ማርያም ማኅበር ልጄ ቤት ይጠጣል አሉኝ፣ በዓይኔ አይቼ ከከተማው መካከል አወግዛታለሁ ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።» እናቴ የማር እንስራውን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ግዝት አንድ ነገር ነው፤ በሕዝብ ፊት መወገዝ ግን ሌላ ነው። የተወገዘ ሰው ቢሞት የሚቀብረው የለም፣ ቢታመም የሚጠይቀው የለም፣ ያንን ደጅማ በሕልሙም አያየውም።

አባቴ ያን ምሽት ከወዲያ ወዲህ ሲንጎራደድ አመሸ። «ለሁሉም ልላክባቸውና ይቅር፤ ቤቱን ዘግተን ክሊኒክ እንዋል» አላት። አቶ ሰይፉም በወሬው ሮጦ መጥቶ ያንኑ አለ። እናቴ ሽሮዋን እየነፋች ሰማቻቸውና ወንፊቱን አስቀመጠች። «እንዲህ ያለ ነገርማ አላደርግም» አለች። «ስንት ዓመት ሙሉ ቤቴን መጥተው እንዲያዩልኝ ስለምን ኖሬ፣ ሲመጡ በሩን ልዝጋባቸው? ለውግዘትም ቢሆን ይምጡ። ፊታቸውን አያለሁ።»

በማግስቱ ያደረገችው ነገር እስከ ዛሬ ያስለቅሰኛል። ግቢውን ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች፤ ከዚያ የቤቱን ምርጥ አጎዛ አውጥታ ከደጃፉ በስተውጭ፣ ከመድረኩ አንድ እርምጃ ወዲያ፣ ዱካ ላይ አነጠፈችው። «ቤት አልገባም ብለው ገዝተዋል፤ ቆመው ከሚያወግዙኝ ቁጭ ብለው ያውግዙኝ» አለችኝ። እኔ በንዴት ያን አጎዛ ልወረውረው ፈልጌ ነበር።

ማኅበርተኞቹ መጡ፤ ገበታ ቀረበ፤ ምኑ ይበላል! ሁሉም ጉርሻውን እያላመጠ ጆሮው ውጭ ነው። ውሻ በጮኸ ቁጥር አባቴ ብድግ ይላል። አቶ ሰይፉ ክራሩን ሲቃኝ አንዱን ጅማት ከልክ በላይ ወጥሮ በጠሰውና «ይቺም ፈራች» አለ፤ ማንም አልሳቀለትም። የዚያን ዕለት ተናጋሪው አቶ አብዱላሂ ነበር። ምስኪን! ሰውነቱ ግድንግድ፣ ድምፁ ግን የሕፃን ልጅ፤ ላቡን እየጠረገ «የሺ፣ ሌላ ነገር ባወራ አይሻልም? ስለ ሐረር ገበያ ባወራስ?» አላት። «ያዘጋጀኸውን ተናገር አብዱላሂ» አለችው። እሱም ጀርባውን ለበሩ፣ ፊቱን ለእኛ ሰጥቶ ቆመና ጀመረ።

የተናገረው ስለ መርየም ነበር። አያቱ ሲነግሩት እንደሰማው አድርጎ፣ ብቻዋን ሆና ምጥ እንዴት እንደያዛት፣ ደረቅ የቴምር ግንድ ይዛ እንዴት እንደጨነቃት፣ ዛፉን ነቅንቂው ተብላ ስትነቀንቀው እሸቱ ቴምር እንዴት እላይዋ ላይ እንደረገፈ ያወራ ጀመር። ገና መካከሉ ላይ ሳለ የበቅሎ ቃጭል ሰማን። ሁላችንም ሰማን፤ እሱ ግን በራሱ ወሬ ተመስጦ አልሰማም። ነጭ ጥምጥም በአጥሩ ላይ አለፈ፣ የግቢው በር ተንቋቋ፣ ከዚያ አንድ ቀጭን፣ አቧራ የጠጣ ሽማግሌ መቋሚያ ይዘው መጡና ከመድረኩ ወዲያ፣ ከአጎዛው ጎን፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። አጎዛውን አዩት፤ አልተቀመጡም። እናቴ ማድቤቱ በር ላይ ሆና እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ ሊነሣ ሲል አያቴ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ባለበት አስቀሩት፤ መስማት ፈልገው ነበር። አቶ አብዱላሂ ምኑንም ሳያውቅ ቀጠለ፤ እኛ ከበስተኋላው የቆመውን ሰው እያየን፣ አንዳችን እንኳ ትንፍሽ ልንልለት አቃተን። «ከሴቶች ሁሉ የተመረጠች፣ ንጽሕት፤ ሰላም በእሷ ላይ ይሁን» ብሎ እጁን ዘረጋና ንግግሩን ጨረሰ። የአያቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ምን እንዳሉ ግን አልሰማሁም።

ከዚያ ያ ስሕተት መጣ። ባለተራው አቶ ሰይፉ ነበር፤ እንደ ወጉ ጽዋውን ሊቀበል በሩ አጠገብ ተቀምጧል። አቶ አብዱላሂ ብርዙን የሞላችውን ጽዋ ከነጨርቋ አንሥቶ ወደ እሱ ዞር ሲል፣ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ፣ አቧራ እንደለበሱ፣ ቆመው አየ። እሱ የት ያውቃቸዋል! አስተዳደጉ ነው የያዘው፤ ትልቅ ሰው ቆሞ ለተቀመጠ ጎረምሳ መጠጥ መስጠት በአገሩ አልተማረም። ማንም ሳይደርስበት መድረኩን ተሻግሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። አያቴም ከጉንደ ወይን ጀምሮ አቧራ ሲውጡ የዋሉ ሰው ናቸውና እጃቸው ከሐሳባቸው ቀደመ፤ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡት። በአንድ ትንፋሽ ነው የጠጡት፣ እስከ አተላው።

«እልልልልል!» አለ አጥሩ። እትዬ ትጓደድ ናቸው! ውግዘቱን ሊያዩ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ተጣብቀው ውለው፣ ሰው ጽዋ ሲቀበል ሲያዩ ግን የዕድሜ ልክ ልማዳቸው አመለጣቸው። ወዲያው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ፤ ምን ዋጋ አለው፣ እልልታው ሰፈሩን ሞልቶታል።

አያቴ ጽዋውን ከአፋቸው አወረዱ። ጨርቁን አዩ፣ ሸክላውን አዩ፣ የእኛን ፊት አዩ። «ይህ ጽዋ ነው እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። አቶ ሰይፉ፣ እግዜር ይይለትና፣ ከድንጋጤው የተነሣ «አዎ የኔታ፤ ተራው የእኔ ነበር» ብሎ አረፈው። ተራ እንደተቀበሉ፣ ቀጣዩ ድግስ ሞጣ፣ በግዝት በታጠረው ደጃቸው እንደሚሆን፣ ማኅበርተኛ ደግሞ በር እንደማይዘጋበት ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ፊታቸው እየጠቆረ መጣ። «የማን ማኅበር ነው?» አሉ።

አቶ ሰይፉ ወደ እናቴ ጎንበስ ብሎ «የማርያም በይ፤ አንዲት ቃል ናት» ሲላት ሰማሁት። በእውነቱ አንዲት ቃል ነበረች። ያቺን ቃል ብትል አባቷ በጽዋው ታስረው ነበር፤ ደጁ ይከፈትላት ነበር። እኔም በሆዴ በይ፣ በይ፣ በይ እላለሁ። እናቴ ከማድቤቱ ወጣች፣ መድረኩን ተሻገረች፣ እግራቸው ሥር መሬት ስማ ተነሣችና፣ ከስንት ዓመት በኋላ ፊታቸውን እያየች፣ «አልዋሽዎትም አባቴ» አለች። «የማንም አይደለም። ማኅበር ያጣን ሰዎች ሆነን የምንጠጣው ነው። ሳያውቁ ነው የተቀበሉት፤ ይመልሱልን፣ ነውር አይሆንብዎትም።» አባቴ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ለማን?» አሉ አያቴ፣ ጽዋውን እንደያዙ። እናቴ አልገባትም። «የሚካኤል ቢሆን ለሚካኤል፣ የማርያም ቢሆን ለማርያም ይመለስ ነበር። ይህ ባለቤት ከሌለው ለማን ነው የምመልሰው?» አሏት በቁጣ፤ ጽዋውን ከነጨርቁ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ ዞሩና በቅሏቸው ላይ ወጡ። ቤት አልገቡም። አልባረኩም፣ አላወገዙም። እኔን፣ አንድ ያለኋቸውን የልጅ ልጃቸውን፣ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ ይቺ እስከ ዛሬ ቅር ትለኛለች። ያን ዕለት አኮርዲዮኑም ክራሩም ሳይሰሙ ቀሩ።

ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ከሞጣ ወሬ ጠፋ። እናቴ አንድ ቀን ተስፋ ታደርጋለች፣ አንድ ቀን «ሰባብረው ወንዝ ጥለውት ይሆናል» ትላለች። ቢያድግልኝ ብቻ አንድ ጊዜ «ሞጣ ሄጄ ነበር፤ ጽዋው ምሰሷቸው ላይ ተንጠልጥሎ አይቻለሁ» አላት፤ ያን ቀን ማሩን በእጥፍ ዋጋ ገዛችው። ጾሙ ሊያልቅ ሲል አባቴ የእህል መኪና ላይ ቦታ ለመነልንና አቶ ሰይፉ፣ አቶ አብዱላሂ፣ እኛም ሦስታችን፣ አኮርዲዮኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ መንገዱ አንጀታችንን እየነቀነቀው ሞጣ ገባን። ይጠብቁን አይጠብቁን የምናውቀው ነገር አልነበረም።

የአያቴ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ተማሪው፣ ካህኑ፣ ጎረቤቱ፣ ያን ጊዜ ግዝቱን በጆሮው የሰማው ሁሉ አለ። እናቴ ደጁ ጋ ስትደርስ እግሯ እንቢ አለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ እሷ ከውጭ ቆማ ቀረች፤ አባቴ ክንዷን ቢይዛት አልንቀሳቀስ አለች። በሩን የያዘው ተማሪ አየት አደረጋትና ዝቅ ባለ ድምፅ «ግቢ እንጂ እመቤቴ፤ የኔታ ለግዝቱ ንስሐ ገብተው ዓመቱን ሙሉ ሲሰግዱ ነው የከረሙ፤ ተፈቷል» አላት። ያኔ አያቴ ወጡ። እንደዚያ ቀጥ ብለው የቆሙት ሰውዬ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸው፣ በሁለት ተማሪ ተደግፈው፣ በአንድ እጃቸው ያቺን ጽዋ ይዘው መጡ። እናቴን አዩና ቆሙ። አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ሁላችንንም፣ አቶ አብዱላሂንም፣ አኮርዲዮኑንም፣ ከላይ እስከ ታች አይተው «መሪጌታ፣ ለመሆኑ የማን ማኅበር ነው?» አሏቸው።

«የልጄ ነው» አሉ አያቴ። «ግቡ።»

እናቴ እንዴት እንደገባች አላስታውስም፤ እኔ ራሴ በእንባ ታውሬ ነበር። የማስታውሰው በማግስቱ አባቴ አጠገባቸው ተንበርክኮ የቆሰለ ጉልበታቸውን ለብ ባለ ውኃ ሲያጥብላቸው፣ እሳቸውም ወደ ጣሪያው እያዩ «ቀስ፣ ቀስ በል እንጂ ልጄ» ሲሉት ነው። የሚተነፍሰውንም ሳጥን ሰሙ፤ «ዜማው ሳይሆን ትንፋሹ ረዘመ» አሉ፤ ከእሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው አሉን ተማሪዎቻቸው።

የድግሱ ዕለት ማታ አያቴ ጽዋውን ለአቶ ሰይፉ ሊያስረክቡት ሲሉ፣ ባለፈው ተራው የተነጠቀው እሱ ነበርና፣ ሳቀ። ወደ አዲስ አበባ ሊዛወር ነበር። «ቤት እንኳ አልተከራየሁም የኔታ፤ የሺ ጋ ትቀመጥልኝ፣ እንደተደላደልኩ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ያኔ ደግሞ ማንም እንዳይቀድመኝ» አለ። እናቴም በአደራ ተቀበለችው። ብዙም ሳይቆይ ዘመኑ ተገለባበጠ። ንጉሡ ወረዱ፤ አቶ አብዱላሂ ድሬዳዋ ገባ ሲባል ሰማን፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። አያቴ ዐረፉ። አቶ ሰይፉን በዚያ በክፉው ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ደጅ በመኪና ወስደውት አልተመለሰም አሉን፤ እናቴ ግን ሬሳ አላየሁም ብላ እስከ ዕለተ ሞቷ በየዓመቱ ገና ሊገባ ሲል ያቺን ጽዋ አጥባ፣ ብርዝ ሞልታ፣ ጨርቋን አልብሳ ታስቀምጥ ነበር።

አሁን እኔ የምኖርበት ፎቅ ላይ አራት በሮች አሉ፤ ሦስቱን አንኳኩቼ አላውቅም፣ የእኔንም ያንኳኳ የለም። እትዬ ትጓደድን እንኳ ናፈቅኋቸው እኮ! ተንኮለኛ ነበሩ፣ ወሬያቸው ቤታችንን ሊያፈርስ ነበር፤ ግን በአጥራቸው በኩል እኛን ሲያዩ የሚውሉ ሰው ነበሩ፣ ጽዋ ሲነሣ ሲያዩም ጥላቻቸውን ረስተው እልል ያሉ። ዛሬ ማን ምን እንደሚጠጣ የሚያይም፣ የማን ማኅበር ነው ብሎ የሚቆጣም አላገኘሁም።

ጽዋውን አደራረቅሁና ወደ ቡፌው መለስኩት። ሶልያና ስልኳን አስቀምጣ እያየችኝ ነበር፤ ለካ ሰምታለች። «እና አሁን የማን ነው እማማ?» አለችኝ።

«የአቶ ሰይፉ ነው፤ ተራው የእሱ ነው» አልኳት።